በሽተኛን እንደ አደራ ማስረከብ

ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ገብቶ ሲሰነብት፣ ተሽሎት የሚወጣበት ቀን ለቤተ ሰቡ ሁሉ የደስታ ቀን ነው። ልብሱ ይጠቀለላል፤ ሒሳቡ ይከፈላል፤ መድኃኒቱ በከረጢት ተደርጎ ለአስታማሚው ይሰጣል፤ ጎረቤትም «እንኳን እግዜር ማረህ» ለማለት ይሰበሰባል። ነገር ግን የሕክምናን ሥራ በቅርብ የመረመሩ ሰዎች እንደሚመሰክሩት፣ ይህ የደስታ ቀን ለበሽተኛው ከአደገኞቹ ቀኖች አንዱ ነው። ይኸውም እስከ ትናንት ድረስ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ትኩሳቱን የሚለካለት፣ ቁስሉን የሚያይለት የሠለጠነ ሰው ነበረው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ያ ሁሉ ሥራ ትምህርቱን ላላገኘች ሚስት ወይም ገና ለጋ ለሆነ ልጅ ይተላለፋል። የሚተላለፈውም ብዙ ጊዜ በር ላይ ተቁሞ፣ በጥቂት ደቂቃ ንግግር፣ ተረኛው ነርስ ወደ ሌላ በሽተኛ እየተጠራ ነው።

አንድ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ከሥራው ሲዛወር ወንበሩንና ጠረጴዛውን ለተተኪው የሚያስረክበው እያንዳንዱን ቆጥሮ፣ የጎደለውን ጽፎ፣ በሁለቱም ወገን ፊርማ መሆኑ የታወቀ ነው። ለወንበር ይህን ያህል ጥንቃቄ ሲደረግ፣ ሰው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ግን ርክክቡ በቃል ብቻ ተፈጽሞ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። በአገሩ ልማድ አደራ ተቀብሎ ያላደረሰ ሰው «አደራ በላ» ተብሎ ይነቀፋል። በሕክምና ቤት ግን አደራው የሚጠፋው በማንም ክፋት አይደለም፤ አስረካቢውም ተረካቢውም እንዴት እንደሚደረግ ስላልተማሩት ነው።

ነርስ የሚሆኑ ወጣቶች በትምህርት ቤታቸው የደም ግፊት መለካትን፣ መርፌ መውጋትን፣ ቁስል ማጠብን፣ የመድኃኒትን መጠን ማስላትን በሚገባ ይማራሉ፤ በእነዚህም ይፈተናሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። በሽተኛን ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከሐኪም ቤት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያም ወደ ቤቱ የማሸጋገር ዕውቀት ግን ከትልልቆቹ እያዩ በልማድ እንዲቀስሙት ሲተው ይታያል። በልማድ የሚገኝ ዕውቀት ደግሞ የአስተማሪውን ጉድለት ጭምር ይወርሳል።

የጉዳዩ ክብደት በሌላ አገር በቁጥር ተመዝኗል። በአሜሪካ የሽማግሌዎች የሕክምና መድን ያላቸውን ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ ከሐኪም ቤት የወጡ ሰዎች መዝገብ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመቶው ወደ 20 የሚጠጉት በ30 ቀን ውስጥ፣ 34ቱ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ተመልሰው አልጋ እንደ ያዙ አስረድቷል። ለሕክምና ተኝተው ወጥተው በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሱት መካከልም ግማሽ ለሚሆኑት፣ በወጡበትና በተመለሱበት መካከል ሐኪም እንዳያቸው የሚያሳይ የክፍያ ሰነድ አልተገኘም። ይህ የሆነው መኪናም፣ ስልክም፣ ሐኪምም ባልታጣበት አገር ነው።

መድኃኒቱም በዚያው አገር ተፈትኖ ታይቷል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት መምህርት የሆኑት ሜሪ ኔይለርና ባልደረቦቻቸው፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 363 በሽተኞችን በሁለት ወገን ከፍለው የደረሱበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው ተሸኘ። ለሁለተኛው ወገን ግን ከፍ ያለ ትምህርት ያላቸው ነርሶች ተመደቡለት፤ እነዚህም በሽተኛውን ገና እንደ ተኛ ጀምሮ ያውቁታል፤ ከወጣም በኋላ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጎበኙታል፤ ለአራት ሳምንትም በስልክ ይገኙለታል። በ24 ሳምንት ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን ከመቶው 37 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመልሰው ሲተኙ፣ ከሁለተኛው ወገን የተመለሱት 20 ያህሉ ብቻ ሆኑ፤ ለሕክምናቸው የወጣው ገንዘብም ወደ ግማሽ ወረደ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ እነዚያ ነርሶች አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ አለመያዛቸው ነው። የያዙት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ትምህርት ነው።

ከዚህ የተነሣ ነገሩ ወደ ትምህርት ደንብ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አወሳሰድ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ባወጀው ዘመቻ፣ የበሽተኞችን ከቦታ ወደ ቦታ መሸጋገር ከሦስቱ ዋና ጉዳዮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። የአሜሪካ የነርስ ኮሌጆች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የትምህርት መሠረት፣ እንክብካቤን ማቀናጀት ማናቸውም ተመራቂ ነርስ በሥራ ሊያሳየው ከሚገባ ችሎታ ጋር ተቆጥሯል።

ለኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ከአሜሪካ ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ይረዝማል፤ መሰላሉም ብዙ ደረጃ አለው። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ተደርጎ የተዘረጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ፣ አጠቃላይና ልዩ ሐኪም ቤቶች አሉ። በሽተኛው በዚህ መሰላል ሲወጣ ሕዝቡ «ሪፈር» የሚለውን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ያለዚያ ወረቀት ቢመጣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልም ቢሆን በላይኛው ሐኪም ቤት መድኑን መጠቀም ይቸገራል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ለመውጣት ወረቀት መፈለጉን ሰው ሁሉ ያውቃል። ወደ ታች ለመውረድ ግን ወረቀት እንደሚያስፈልግ የሚያስብ ጥቂት ነው። በሽተኛው ከትልቁ ሐኪም ቤት ሲመለስ ለላኪው ጤና ጣቢያ የሚደርስ የመልስ ጽሑፍ ካልያዘ፣ ጤና ጣቢያው የላከው ሰው ምን እንደ ተደረገለት፣ ምን እንደ ታዘዘለት፣ ከእንግዲህ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ አያውቅም።

ለምሳሌ የልብ በሽታ የያዛት አንዲት የገጠር ልጅ ትታሰብ። በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው ትኩሳት የልቧን በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸውን፣ ጎድቶባታል። ልጅቱ በዋና ከተማ ተኝታ ትንፋሿ ተመለሰላት፤ ሐኪሞቹም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ፣ ይህም ለብዙ ዓመት እንዲቀጥል አዘዙላት። መርፌው ትኩሳቱ ዳግመኛ ተነሥቶ ልቧን እንዳይጨርሰው የሚጠብቅ ነው። ልጅቱ ግን ከቤቷ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ያለ ደብዳቤ ብትቀርብ፣ በዚያ ያለችው ነርስ በመልክ ጤነኛ የምትመስልን ልጅ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰውነትን በድንገት የሚያስቆጣ መድኃኒት ልትወጋ ብትፈራ አይፈረድባትም። አባትም በየወሩ ወደ ከተማ ለመመላለስ ገንዘብ የለውም፤ ልጁም ደኅና ሆናለች። እንዲህ ባለ ሁኔታ መርፌው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ይቋረጣል። ልጅቱ ዳግመኛ ወደ ከተማ ስትመጣ በአልጋ ተሸክመዋት ነው። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ መድኃኒቱም አልጠፋም፤ የቀረው ነገር በልዩ ሐኪም ቤቱ ነርስና በጤና ጣቢያዋ ነርስ መካከል ሊጻፍ ይገባ የነበረ አንድ ገጽ ነው።

ያ ገጽ ቢጻፍም ነገሩ በዚያ አያበቃም። የነርስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የበሽተኛው መዝገብም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ነርሱ ታዲያ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በሲዳምኛ ለበሽተኛው የሚያስረዳበትን አነጋገር በትምህርት ቤቱ ካልተለማመደው፣ ከአፉ የሚወጣው ግማሹ የፈረንጅ ቃል ይሆናል፤ በሽተኛውም ክብር ሰጥቶ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አልገባኝም አይልም።

የሰዓትና የቀን ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። በወረቀት ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት፣ ጸሐፊው በአውሮፓ ሰዓት አስቦት ከሆነ ጠዋት ማለቱ ነው፤ የገጠሩ ሰው ግን 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የቀጠሮ ቀን 12/3 ተብሎ ቢጻፍም ለአገሬው ኅዳር 12 ቀን ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ለጻፈው ግን መጋቢት 3 ቀን ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው ከሦስት ወር የሚበልጥ ጊዜ ነው። «አንድ ማንኪያ» የተባለውን የሕፃን ሽሮፕ እናቲቱ በሻይ ማንኪያ ትስጠው ወይስ በሾርባ ማንኪያ? የስኳር በሽተኛው በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም የረመዳንን ጾም የሚጾም ከሆነ፣ መርፌውን መቼ ይወጋ? መብራት ባልገባበት ቤት ኢንሱሊኑ የት ይቀመጥ? ለዚህ በእርጥብ አሸዋ የሚቀዘቅዝ የሸክላ ዕቃ እንደሚረዳ የምታውቅ ነርስ ብትኖር፣ ያንን ካላወቀችዋ ይልቅ ብዙ ሕይወት ታተርፋለች። እነዚህ ጥያቄዎች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ከውጭ አገር በመጡት የትምህርት መጻሕፍትም ውስጥ አይገኙም፤ ሊገኙም አይችሉም። ሊጽፏቸውና ሊያስተምሯቸው የሚገባቸው የአገሩ መምህራን ናቸው።

ለማስረዳቱ የሚሆን አንድ ቀላል መንገድ ደግሞ አለ። ነርሷ ከተናገረች በኋላ «ገባዎት?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ ምንጊዜም «አዎን» ነው። ነገር ግን «እማማ፣ በደንብ ተናግሬ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነው፤ ቤት ሲገቡ ይህን ኪኒን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ብትል፣ የተሳሳተው ነገር እዚያው ይገለጣል፤ እዚያውም ይታረማል፤ የጥፋቱም ሸክም በተናጋሪዋ ላይ ስለሚወድቅ ሽማግሌዋ አያፍሩም። ይህንንም ማድረግ የሚገባው ለበሽተኛው ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች ከአልጋው ግርጌ ቀንና ሌሊት የማይለየው አስታማሚ ምግብ የሚያቀርበው፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው፣ የምርመራ ወረቀት ይዞ ከክፍል ክፍል የሚመላለሰው እሱ ነው። በእውነቱ ብዙውን የማቀናጀት ሥራ ያለ ምንም ትምህርት የሚሠራው ይህ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በጉብኝት ሰዓት ከክፍሉ እንዲወጣ ሲደረግ ማየት የሚያስገርም ነው። ቁስል ማጠብን በመጨረሻው ቀን በር ላይ ከሚነገረው፣ ከሦስት ቀን በፊት ነርሱ አጠገቡ ቆሞ በገዛ እጁ ቢያጥብ ይሻለዋል።

ይህ አሳብ ለነርስ ሙያ እንግዳ አይደለም። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የማስታመም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም የአስታማሚ ሥራ የሚመዘነው እርሷ በሌለችበት ሰዓት በሚደረገው ጭምር መሆኑን ነው። ለኢትዮጵያም ቢሆን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ባንድነት አስተምሮ፣ ባንድነት ወደ ገጠር አውጥቶ ያለማምድ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች በሽተኛውን በአልጋው ላይ ብቻ አላዩትም፤ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭና የሚተኛበትን ቤት አብረው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች በቁጥር እጅግ በዝተዋል፤ ከብዛቱ ጋር ግን ተማሪው ከአልጋው ወጥቶ ቤት ድረስ የሚከተልበት ልማድ እንዲያድግ መደረግ ነበረበት።

ርክክብ የሚባለው ወደ ቤት በመሸኘት ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከነርስ ወደ ነርስ ይተላለፋል። ለዚህ ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሐኪም ቤቶች የተወሰደ አጭር ሥርዓት አለ፤ ይኸውም የአሁኑን ሁኔታ፣ የቀድሞውን ታሪክ፣ የራስን ግምት፣ መደረግ የሚገባውንም ነገር በዚሁ ተራ መናገር ነው። መርከበኞች በጥልቅ ባሕር ውስጥ ተራ ሲለዋወጡ አንድ ነገር ቢረሱ ሁሉም አብረው ይሰጥማሉ፤ ስለዚህ ተጠነቀቁ። በሆስፒታል ግን የሚሰጥመው አንዱ በሽተኛ ብቻ ስለሆነ ጥንቃቄው ዘግይቶ መጣ ለማለት ያስደፍራል።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ሰው፣ ነርሱ ጥቂት በሽተኛው ብዙ በሆነበት ክፍል ማን ተቀምጦ ያስረዳል ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ አልጋ ብቻዋን የምትጠብቅ ነርስ ይህን አላደረግሽም ተብላ ብትወቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን ተመልሶ የሚመጣው በሽተኛ አልጋ የሚይዘው በዚያው ክፍል ነው፤ የሚጠብቁትም እነዚያው ነርሶች ናቸው። ደግሞም ሥራው በመውጫው ቀን ካልተከማቸ፣ በገባበት ቀን ተጀምሮ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ቢሠራ፣ የሚወስደው ጊዜ እንደሚፈራው አይሆንም። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ በየሐኪም ቤቱ የመላላኪያ ክፍል፣ በተለምዶ «ሊያዞን» የሚባለውን፣ እንዲኖር አድርጓል። ክፍሉ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ክፍሉ አልጋ ከመፈለግና ሪፈር ከማኅተም አልፎ የበሽተኛውን መንገድ እስከ መጨረሻው እንዲከተል የሚያስችል ትምህርት ለሠራተኞቹ ያስፈልጋል።

ነገሩን በቅጣት ማስፈጸምም የታሰበውን ሁሉ አያመጣም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ብዙ በሽተኞች ተመልሰው የሚተኙባቸውን ሐኪም ቤቶች ክፍያ መቀነስ ጀምራለች፤ የተመላሾቹ ቁጥር ቢቀንስም፣ መተኛት የሚገባቸው ሰዎች ተከልክለው እንደ ሆነ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቁጥርን የሚያሳምር ሐኪም ቤትና በሽተኛን የሚያሳርፍ ሐኪም ቤት አንድ አይደሉም።

የሚበጀው ከትምህርት ቤቱ መጀመር ነው፤ በትምህርት ቤትም ከፈተናው። ተማሪ የማይፈተንበትን ነገር እንደማያጠና መምህራን ሁሉ ያውቁታል፤ ከአራት መልሶች አንዱን በመምረጥ ብቻ የሚደረግ ፈተና ደግሞ ይህን ችሎታ ሊመዝን አይችልም። ተማሪዎች ለምረቃ በየጣቢያው እየተዘዋወሩ በተግባር በሚፈተኑበት ጊዜ፣ አንዱ ጣቢያ መርፌ እንደ መውጋቱ ሁሉ ሌላው ጣቢያ በሽተኛን መሸኘት ይሁን፤ እንደ በሽተኛና እንደ አስታማሚ ሆነው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ ተማሪው በሕዝቡ ቋንቋ ያስረዳቸው፤ መልሰው እንዲነግሩት ይጠይቃቸው፤ ለጤና ጣቢያው የሚሄደውንም ደብዳቤ በዚያው ይጻፍ። ደብዳቤውን የሚያርሙት የኮሌጁ መምህራን ብቻ ከሚሆኑ ይልቅ በጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ነርስ አብሮ ቢያርመው የተሻለ ነው፤ ጽሑፉ ይጠቅም እንደ ሆነ የሚያውቀው ተቀባዩ ነውና።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርቱ ዘመን ቢያንስ አንድ በሽተኛ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ ቤቱ ድረስ እንዲከተል ቢደረግ፣ ወጪው ከታክሲና ከአውቶቡስ ዋጋ እምብዛም አይበልጥም። ቤቱ ሩቅ የሆነበትን በስልክ ይጠይቀዋል። በ3ኛው ቀን መድኃኒቱን እየወሰደ ነውን? በ10ኛው ቀን ጤና ጣቢያው ተቀብሎታልን? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ አይታዋለችን? ያየውንም ጽፎ በክፍል ያንብብ፤ የመድኃኒት ቀማሚዎችና የሐኪሞች ተማሪዎችም ይስሙት፤ በሥራ ላይ የሚገናኙ ሰዎች በትምህርት ላይ ሳይተዋወቁ መቅረታቸው የርክክቡ አንዱ ችግር ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ልምምድ ፍሬ እንዲያፈራ ግን ሐኪም ቤቶቹ አንድ ነገር ሊያደርጉ ይገባል። ተማሪው የመልሱን ደብዳቤ መጻፍ ተምሮ ወደ ሥራ ሲገባ፣ የደብዳቤው ቅጽ በክፍሉ ውስጥ ይገኝ፤ የጤና ጣቢያዎቹ የስልክ ቁጥር በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ ይኑር፤ ከወር እስከ ወርም ስንት በሽተኛ በሪፈር እንደ ገባና ስንት መልስ እንደ ተላከ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፍ።